«እኛ» የማይባልበት ቅጽ

በየሥራ ቦታው የሚታወቁት «መቀሶቹ» በሚል ስም ነው። ባልየው አርክቴክት፣ ሚስትየዋ መሐንዲስ ናቸው፤ ያረጁ ሕንፃዎችን ሲጠግኑ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ስሙን ያወጣላቸው አንድ አናጺ ነው። «አንዳቸው ብቻቸውን ሲመጡ ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን የሚቆረጥ ነገር አለ» ብሎ። እነሱም ስሙን አልጠሉትም።

ቢሯቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጥሟል፤ በእሱ በኩል የእርሳስ ፍቅፋቂ አይጠፋም፣ በእሷ በኩል ማስመሪያው እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የሚተኛው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ከየሕንፃው የመጣ የኖራ ቁራጭ፣ የዛገ ሚስማር፣ ምስጥ የበላው የወራጅ ጫፍ ተኮልኩሏል። የባልየው እናት ፎቁ ላይ ይኖራሉ። ረፋድ ላይ ሻይ ይዘው ይወርዱና፣ ሻዩን አስቀምጠው እንደ መመለስ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። «እኔ ስለ ሕንፃ ምን አውቃለሁ» ይላሉ፤ አስተያየት ግን ነፍገው አያውቁም።

ደብዳቤው የመጣው እንዲህ ባለ አንድ ረፋድ ነው። የባለሙያዎች ማኅበሩ እንዳለው፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ጥገና ላይ መፈረም የሚችለው የሙያ ብቃቱ በገምጋሚዎች የተረጋገጠለት ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ደስ አላቸው። የኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ እየለጠፈ፣ ድንጋዩ መተንፈሻ አጥቶ ሲፈረፈር «ምን ይደረግ፣ ዕድሜው ነው» ብሎ ዘወር የሚል ባለሙያ ነኝ ባይ ስንቱን ሕንፃ ገድሎታል። ይህ ማረጋገጫ እንዲመጣ እነሱ ራሳቸው በየስብሰባው ሲወተውቱ ነው የኖሩት።

ደስታው ግን አብሮት የመጣውን ቅጽ እስኪያነቡት ነበር። ማመልከቻው የሚቀርበው በግል ነው። አመልካቹ ከሠራቸው ሕንፃዎች አምስቱን መርጦ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳየ፣ ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለት ገምጋሚዎች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በደማቁ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ። ሚስትየዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«“እኛ” የሚለውን ቃል አይጠቀሙ። ገምጋሚዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ቡድንዎ ያደረገውን ሳይሆን እርስዎ ያደረጉትን ነው።»

ባልየው ሳቀ። «እኛን አይተው ነው እንዴ የጻፉት?»

«ኧረ ጉድ ነው!» አሉ እናትየው፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ። «ቀጥለው ደግሞ ልጅቷን ከሁለታችሁ ማናችሁ እንደወለዳችኋት ሊጠይቋችሁ ነው?»

መጀመሪያ ላይ ክፍፍሉ ጨዋታ ይመስል ነበር። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የእሷ፣ የአዳራሹ መስኮቶች የእሱ። የእህል መጋዘኑ መሠረት የእሷ፣ ቀለሙ የእሱ። «ያን ሐሳብ ያመጣኸው አንተ ነህ።» «ኧረ አንቺ ነሽ!» እየተባባሉ፣ እንግዳና ባለቤት የመጨረሻውን ቁራሽ እንደሚገባበዙት ሆኑ። ከዚያ በኋላ፣ አንዱ የጻፈው ሌላውን እንዳይጫነው ብለው ረቂቃቸውን ለየብቻ ሊጽፉ ተስማሙ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባልየው የሚለካ ቤት ሊያይ እንደወጣ፣ ሚስትየዋ ማተሚያው ላይ የተረሳ ወረቀት አገኘች። የእሱ ረቂቅ ነው፤ የድሮው ፖስታ ቤት።

በሙያቸው ዝነኛ ያደረጋቸው ያ ፖስታ ቤት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲረከቡት፣ የምሥራቁ የድንጋይ ግድግዳ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን ወደ ውጭ ገፍቶ ነበር፤ አንድ ጋት ያህል ከመስመሩ ወጥቷል፤ ጥጉ ላይም ስንጥቅ ነበረው። ሥራውን የሚቆጣጠረውን ኮሚቴ ጨምሮ ያየው ሁሉ ይፍረስና እንደገና ይገንባ ይል ነበር። አልፈረሰም። በብረት ማሰሪያ ከወለሉ ተሸካሚዎች ጋር ታሰረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ባልየው ይህን ታሪክ በየግብዣው ያወራዋል፤ አወራሩንም ያውቅበታል። «“ይህ ግድግዳ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ይደገፋል እንጂ አይገፈተርም” አልኳቸው» ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እሷም ከጎኑ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች።

አሁን ግን ወረቀት ላይ ነው። «የምሥራቁ ግድግዳ እንዳይፈርስ ወሰንኩ» ይላል። እሷ ደግሞ ትናንት በራሷ ረቂቅ ላይ የጻፈችውን ታውቀዋለች፤ ቃል በቃል ያው ነው። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ከዚያ «ወሰንኩ» የሚለውን ደግማ አነበበችው።

ሲመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፖስታ ቤቱ ነዋ።»

«“ወሰንኩ” ይላል።»

«ታዲያ “እኛ” አትበሉ ተብለን የለም እንዴ?»

«“እኛ” አትበሉ አሉ እንጂ የሰው ውሰዱ አላሉም። ስሌቱን የሠራሁት እኔ፣ ማሰሪያውን የነደፍኩት እኔ። ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጀሶ አለመሰንጠቁን አይቼ “ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም” ያልኩህስ እኔ አይደለሁም?»

«ያንን ይዤ ኮሚቴው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ! አሥራ አንድ ሰው አፍርሰው ሲለኝ እምቢ ያልኩት። አንቺ የዚያን ቀን አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም። ልጅህ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ነበርኩ።»

አንዴ ከተጀመረ ነገርን ነገር ያነሳዋል። ግብዣው ተነሳ፣ ጭብጨባው ተነሳ፣ ስሟ ተዘሎ ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ ተነሳ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታወራው አፌን ይዤ ሰማሁህ» አለችው።

«ለምን ያዝሽው? ለምን አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሽም?»

 «አንተ “እኔ” ስትል» አለች፣ «“እኛ” ማለትህ ነው ብዬ ነበራ።»

እናትየው ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። «እንዲህ ከምትነታረኩ» አሉ፣ «ያኔ ሁለታችሁ ስትሞነጫጭሩበት የነበረው ደብተር የት ገባ?»

እውነትም ደብተር ነበር። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ደብተር ይይዛሉ፤ እሱ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ እሷ በሰማያዊ። የፖስታ ቤቱን ከካርቶን ሥር አወጡት፤ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም እርግጠኛ ነበሩ። እሷ ገለጠች፤ ቀኑን አገኘችው። በራሷ ሰማያዊ፣ በራሷ የተስተካከለ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የምሥራቁ ግድግዳ አይቆምም። ይፍረስ። ድንጋዮቹ ቁጥር ይጻፍባቸው።» ከሥሩ በአረንጓዴ፦ «ተስማምቻለሁ።»

 ይፍረስ ብለው ነበር። ሁለቱም። ደግሞም ረስተውታል፤ ሰው መርሳት የሚፈልገውን ሲረሳ እንደሚያደርገው፣ ንጹሕ አድርገው ረስተውታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ቀናት በአጫጭር መስመሮች ተሞልተዋል። «ግንበኛው መወጣጫው አልበቃኝም አለ።» «ግንበኛው ወገቡን አሞታል።» «የግንበኛው አማት አረፉ።» «ዝናብ።» «ግንበኛው ገመድ ፍለጋ ሄደ።» «የግንበኛው አማት አረፉ (ባለፈው ሳምንትም አርፈው አልነበረም?)» ይህ አረንጓዴው ነው። በሃያኛው ቀን ሰማያዊው፦ «ስንጥቁ ላይ ያለው ጀሶ አልተሰነጠቀም! ግድግዳው አይንቀሳቀስም። እንነጋገር።»

«ጀሶውን ያስቀመጥከው አንተ አይደለህም?» አለችው።

«እኔ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የማስበው።»

ግንበኛው ዛሬ ሥራ ትተዋል። ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቃቸው «ቱንቢ» በሚል ቅጽል ስም ነው፤ ገመድ ሳያንጠለጥሉ ግድግዳ መቅናቱንና መጣመሙን በዓይናቸው ይለዩ ነበርና። ሰኞ ዕለት መሐንዲሷ ደብተሩን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ግቢያቸው ውስጥ የኖራ ጉድጓዳቸውን ክዳን አንስተው ሲያማስሉ አገኘቻቸው፤ ሥራ ቢተዉም ኖራው አልተዋቸውም። ገና በሩ ላይ ሲያይዋት ማማሰያውን ጣል አደረጉ።

«ኢንጂነር! ግድግዳው ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም ጋሼ። እንዲያውም እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰበቦቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አማትዎ ሁለት ጊዜ ነው የሞቱት» አለቻቸው።

«አማቴ? ነፍሷን ይማርና፣ እሷ እኮ የሞተችው እኔ ሳላገባ ነው።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ልስኑን ልብ ብለሽ አይተሽው ነበር? ልስኑ የግድግዳውን ሆድ ተከትሎ ነው የተለሰነው። ግድግዳው ከልስኑ በኋላ ቢያብጥ ኖሮ፣ ልስኑ እንደ ደረቀ ጭቃ በተሰነጣጠቀ ነበር። አንድ ስንጥቅ ጥጉ ላይ ብቻ። ያ ልስን ደግሞ አባቴን በዕድሜ ይበልጠዋል። ድሮ አሸንዳው ሲያፈስ ውሃው ገብቶ ግድግዳውን ገፋው፤ አሸንዳው ተቀየረ፣ ግድግዳውም ባለበት ቆመ። እናንተ ስትመጡ እሱ ከበሽታው ከዳነ የሰው ዕድሜ አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

እንዴታ ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ትዝ አላት፤ ስሌቱን በክንዷ ሥር ይዛ፣ እየተጣደፈች፣ እንዳይንቋት ድምፅዋን እያወፈረች። «አልሰማዎትም ነበር» አለች።

«አይ፣ አትሰሚኝም። ስሌት ይዞ ለመጣ ሰው አፍ አይከፈትም። እኔም ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጠፍኩ፣ ከጎኑ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያማ ዓይንሽ እስኪያርፍበት ድረስ ወገቤ መታመም ነበረበት።»

ደብተሩን ዘጋችው። ዶሮ አጠገባቸው መሬቱን ትጭራለች። «አልቆጨዎትም?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑ ይቆጨኛል? ቆሟል አይደል እንዴ?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ? የተመረቀ ቀን ከኋላ ቆሜ ነበር። ባልሽ ሲናገር “ግንበኞቹንም እናመሰግናለን” አለ። ግንበኞቹ! የዚያን ቀን ቆጨኝ። ከዚያ ተወኝ።» ተነስተው ማማሰያውን አነሱ። «ማሰሪያውን ግን እኔ መቶ ዓመት ባስብ አላመጣውም ነበር። እሱ ያንቺ ነው፤ ሌላ ሰው አይንካብሽ።»

ቤት ገብታ የሰማችውን ሁሉ ለባልዋ ነገረችው። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ አዳመጣት።

«እና ምን ልትጽፊ ነው?»

«የሆነውን። ይፍረስ ብዬ እንደነበር። ማን እንዳስቆመኝ።»

«ሊፈትኑሽ ለተቀመጡ ሰዎች “ተሳስቼ ነበር” ልትያቸው? እኔስ? ሁለታችንንም የሚያዩን እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንቺ ይህን ጽፈሽ እኔ ያንን ብጽፍ፣ ውሸታሙ ማን ሊሆን ነው?»

«አንተ የምትጽፈውን እኔ አልወስንልህም» አለችው።

አራት ቀን በሚሊሜትር ብቻ ተነጋገሩ። «ሦስት መቶ ሃያ።» «እሺ።» «በሩስ?» «ዘጠኝ መቶ አሥር።» እናትየው ሻይ ይዘው ይወርዱና፣ አንዱን አይተው ሌላውን አይተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀመጡ ይመለሱ ጀመር። ዝምታው ከጭቅጭቁ ይልቅ አስፈርቷቸዋል።

በአምስተኛው ቀን ባልየው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ «ፖስታ ቤቱን አወጣሁት» አለ። «በምትኩ የክሊኒኩን ደረጃ አስገባሁ፤ አንቺ እናትሽን ስታስታምሚ የሠራሁትን።»

«ለምን? ኮሚቴው ፊት ቆመህ እምቢ ማለትህ እኮ እውነት ነው።»

«እውነት ነው። ያንን ብቻ ልጽፍ ስሞክር ግን ግማሽ ገጽ አልሞላልኝም።» እርሳሱን አስቀመጠ። «ያን ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ያወራሁት ግማሽ ገጽ አይሞላም።»

ተነስታ ትከሻውን ያዘችው። 

እሷ የቀረበችው ማክሰኞ ነው። ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ ያለበት ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዷ ፀጉራቸው የሸበተ አርክቴክት፣ ሌላው በድንጋይ ጥገና ያረጁ ቀጭን ሰውዬ ናቸው። ሴትየዋ ገጹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ሰው እዚህ የሚያመጣው ድሉን ነው። እርስዎ ስህተትዎን አስቀድመዋል።»

«ስሌቴ አልተሳሳተም ነበር» አለች። «ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። ይቆማል አይቆምም ብዬ አሰላሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ቆሟል ብዬ አልጠየቅኩም።»

ቀጭኑ ሰውዬ አልተደሰቱም። «ጥሩ ተናግረዋል። ግን እኛ የምናረጋግጠው የግንበኛውን ብቃት አይደለም፤ የእርስዎን ነው። ግንበኛው ባያዘገይዎ ኖሮ?»

«ይፈርስ ነበር።»

«እንግዲያውስ?»

 ገጹን ገልጣ ወደ እህል መጋዘኑ ወሰደቻቸው፤ ከፖስታ ቤቱ ሁለት ዓመት በኋላ የሠራችው ነው። እዚያ ገና ሜትር ሳትዘረጋ መጀመሪያ ልስኑን እንዳየች፣ ከዚያ ሠራተኞቹን ሰብስባ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላ እንደጠየቀች፣ የአንዱን መልስ ተቀብላ የሌላውን ለምን እንደተወች ነገረቻቸው። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣችው እስካለፈው ወር ድረስ እንደማታውቅም አልደበቀችም። ሰውየው ጻፉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ባልየው ሐሙስ ቀረበ። እየሳቀ ነው የተመለሰው፤ የሳቁ ቃና ግን አላማራትም። «ደረጃው ክብደቱን ወዴት ነው የሚያሳርፈው አሉኝ» አለ። «መለስኩላቸው። እንዴት አወቁ አሉኝ። ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጻፉት።»

ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን መጡ። እሷ አልፋለች። እሱ ከአምስቱ መስፈርቶች በአራቱ አልፎ በአንዱ፣ ሕንፃ ራሱን እንዴት ተሸክሞ እንደሚቆም በማወቁ፣ «ገና» ተብሏል፤ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሥራ ይዞ እንዲመለስ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሊዘዋወር ወጣ። እሷ ወረቀቷን ይዛ ቀረች። ይህን ያህል ዓመት የራሴ የምትለው ነገር ስትመኝ ኖራ፣ ዛሬ እጇ ሲገባ ዝናብ ላይ እሱን ትታ ጥላ ይዛ የሄደች መሰላት።

እናትየው ልጃቸው ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቁት። «ስድስት ወር ምን አላት?» አሉት። «አንተ እኔ ሆድ ውስጥ ዘጠኝ ወር ቆይተሃል፤ ያኔም አልቸኮልክም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልየው አሮጌ ሱሪውን ለብሶ ወደ ግንበኛው ቤት ሄደ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ «“ግንበኞቹን” ብዬ ያለፍኩት እርስዎን ነበር» አላቸው። ሽማግሌው ወንፊት አቀበሉትና አሸዋ አስነፉት። ማታ እጁ ነጥቶ፣ ወገቡ ተቆልምሞ ገባ።

«ምን አስተማሩህ?» አለችው።

«ማውራት ከለከሉኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በዚያው ጊዜ አንድ የድሮ ማተሚያ ቤት እንዲጠግኑ ተጠሩ፤ ስዕሉ ላይ መፈረም የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ሁልጊዜ ሁለት ስም የሚሰፍርበት ቦታ ላይ ብዕሯ ጥቂት ቆመ። ፈረመች። ባለንብረቱ እንደ ልማዱ ወደ ባልየው ዞሮ ሲጠይቅ፣ እሱ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ፣ «እሷን ጠይቃት» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ቃሉ ከአፉ የሚወጣው እንደሚነቀል ጥርስ ነበር። እየቆየ ቀለለው።

ለግንበኞችም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ይኑር የሚለውን ሐሳብ እሷ ለማኅበሩ አቀረበች፤ «ይታያል» ተባለ፤ እስከ ዛሬ እየታየ ነው። ግንበኛው ስትነግራቸው እጃቸውን አራገቡ። «ለእኔ አይደርስም፣ ለሚመጡት ይሁን። ያንን የጻፍሽውን ገጽ ግን አንድ ቅጂ አምጪልኝ» አሉ። አመጣችላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አንብበው፣ ስማቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

ባልየው በስድስተኛው ወር ተመለሰና አለፈ። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። እሷ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ልኬት ስትጽፍ፣ እሱ የጓዳውን ግድግዳ በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ሲያልፍ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደግሞ አንኳኳ።

«ነይማ እስቲ» አላት። «እዚህ ጋ ውስጡ ባዶ ይመስለኛል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ስሚውና አንቺ ንገሪኝ።»

ደብተሩን ወለሉ ላይ ትታ ተነሳች፤ ጆሮዋን ልስኑ ላይ ለጠፈች። እሱ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። «እንደገና» አለችው፣ «ትንሽ ወደ ታች።»